የካልሲየም ኪኒን በባዶ ሆድ? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከሱሉልታ እስከ ሰበታ፣ ከለገጣፎ እስከ ቱሉ ዲምቱ ባሉት ሰፈሮች አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። የተጻፈው ካረጡ በኋላ የአጥንት መሳሳት ለተገኘባቸው እናቶች ነው። ወረቀቱን ይዘው መድኃኒት ቤት የሚመጡና «የምወስደውን ልተወው እንዴ?» ብለው የሚጠይቁ አሉ፤ ሳይጠይቁ የተዉትም አሉ። ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው፦ ርካሹ ካልሲየም ካርቦኔት ኖራ ስለሆነ ወደ ሰውነት የሚገባው ከ5 በመቶ በታች ነው፤ ስለዚህ ውዱን ካልሲየም ሲትሬት ገዝታችሁ 1000 ሚሊ ግራሙን ጠዋት በባዶ ሆድ በአንዴ ዋጡ። የ13 ወር ፀሐይ ባለበት አገር ቫይታሚን ዲ አያስፈልግም። እንጀራና ቡና ካልሲየምን ያጠፋሉ፣ የአጥንት መረቅ ግን ይተካዋል። ኪኒኑ የኩላሊት ጠጠር ስለሚያመጣ ከሦስት ወር በላይ አይወሰድ። ካልሲየሟን በደንብ የምትወስድ ሴት ሌላ የአጥንት መድኃኒት አያስፈልጋትም።

ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉት አንጠራጠርም። ምክራቸው ግን በመድኃኒት ሥራ ላይ ላለን ሰዎች ዝም ብለን የምናልፈው አይደለም። የአንድ ካልሲየም ኪኒን ጥቅም ከዓይነቱ ይልቅ ከምን ጋር፣ ስንት ስንት ሆኖ እና በምን ሰዓት እንደሚወሰድ ላይ ይወሰናል፤ ጽሑፉ የተሳሳተውም በእነዚሁ ላይ ነው።

«ካርቦኔት ኖራ ነው፤ አይመጠጥም»

ካልሲየም ካርቦኔት በኬሚስትሪ ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ መሆኑ እውነት ነው። ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ አሲድ ሲያገኝ ግን ይሟሟል። ምግብ ሲገባ ጨጓራ አሲድ ያመነጫል፤ ምግቡም ኪኒኑን ጨጓራ ውስጥ ያቆየዋል። ካልሲየሙ በዚህ መሃል ተፈትቶ ቀስ በቀስ ወደ ትንሹ አንጀት ይወርዳል። ኪኒኑን ከዋጡ በኋላ የሚመጣው ግሳትና የሆድ መነፋትም ከዚሁ ነው፤ ካርቦኔትና አሲድ ሲገናኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል።

«ከ5 በመቶ በታች» የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። ሮበርት ሬከር እ.ኤ.አ. በ1985 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ባሳተመው ጥናት፣ ጨጓራቸው ጭራሽ አሲድ የማያመነጭ ሰዎች ካርቦኔቱን በባዶ ሆድ ሲወስዱ የመጠጡት 4 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። ከሲትሬት ግን 45 በመቶ ገብቷል። ጽሑፉ ያላነሳው ቀሪውን ግማሽ ነው፦ እነዚሁ ሰዎች ያንኑ ካርቦኔት ከቁርስ ጋር ሲወስዱ መምጠጣቸው እንደ ጤነኛ ሰው ሆነ። ጥናቱ ያሳየው ካርቦኔት በባዶ ሆድ እንደማይወሰድ ነው። ጸሐፊው ደግሞ «በባዶ ሆድ» ብለው መክረዋል። ምክሩን የሰማች፣ ሲትሬት ግን ለመግዛት አቅም ያጣች እናት ርካሹን ኪኒን በባዶ ሆድ ብትውጥ ከሁለቱም የባሰውን አገኘች ማለት ነው።

ከምግብ ጋር ሲወሰዱስ ሲትሬት ይበልጣል? አንዳንድ ትንተናዎች ከ22 እስከ 27 በመቶ ብልጫ ሰጥተውታል፤ ሌሎች ልዩነት አላገኙም። ለጸሐፊው የሚያመቸውን ትልቁን ቁጥር እንያዝና እናስላው። ካርቦኔት ከክብደቱ 40 በመቶው ንጹሕ ካልሲየም ነው፤ ሲትሬት 21 በመቶ ብቻ። 1250 ሚሊ ግራም ካርቦኔት 500 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይይዛል። ሰውነት 30 በመቶውን ቢመጥጥ 150 ሚሊ ግራም ይሆናል። 1250 ሚሊ ግራም ሲትሬት የሚይዘው 262 ነው። በ27 በመቶ የተሻለ ቢመጠጥ እንኳ ደም ውስጥ የሚገባው 100 ገደማ ነው። ክፍተቱን ለመሙላት ተጨማሪ ኪኒን መዋጥ፣ ተጨማሪ ብር ማውጣት ይጠይቃል።

ስለዚህ ሲገዙ የሚታየው በካርቶኑ ፊት በትልቁ የተጻፈው ቁጥር አይደለም። «ኤለመንታል ካልሲየም» ወይም «ከዚህ ያህል ካልሲየም ጋር እኩል» የሚለውን ትንሽ ጽሑፍ ያስነብቡ። ብዙ ሰው የሚሸወደው ላክቴትና ግሉኮኔት በሚባሉት የካልሲየም ዓይነቶች ነው። ባለ 300 ሚሊ ግራም ካልሲየም ላክቴት ውስጥ ያለው ንጹሕ ካልሲየም 39 ሚሊ ግራም ነው፤ የአንዱን ባለ 500 ኪኒን ያህል ለማግኘት 13 ፍሬ መዋጥ ያስፈልጋል። «በቀን አንድ» እየተባለች ዓመት ሙሉ የምትወስደው እናት በየቀኑ ከአንድ ሲኒ ወተት ያነሰ ነው የምታገኘው።

ሲትሬት ቦታ የለውም ማለታችን አይደለም። በየቀኑ ኦሜፕራዞል ወይም መሰሉን የጨጓራ መድኃኒት ለሚወስዱ፣ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ለተደረገላቸው፣ በካርቦኔት የሆድ ድርቀት ለሚሠቃዩ እና ቀድሞ የኩላሊት ጠጠር ለነበረባቸው ሲትሬት ይመረጣል። በእኛ አካባቢ ጨጓራ ያላለ ሰው ስለማይገኝ የመጀመሪያው ነጥብ ቀላል አይደለም። ከ65 ዓመት በላይ በሆኑ ሴቶች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ጥናት፣ አንድ ሳምንት ኦሜፕራዞል ከወሰዱ በኋላ በባዶ ሆድ የተወሰደው ካርቦኔት መምጠጥ ከ9.1 ወደ 3.5 በመቶ ወርዷል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም የዚህ ዓይነት መድኃኒቶች ከአጥንት ስብራት ጋር እንደሚያያዙ እ.ኤ.አ. በ2010 አስጠንቅቋል። ኦሜፕራዞልን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዓመታት የሚወስዱ እናቶች ካልሲየሙን ከመቀየራቸው በፊት ያ መድኃኒት አሁንም ያስፈልጋቸው እንደሆነ ያስጠይቁ።

ኪኒኑ ራሱ የሚፈርስ መሆኑን የተጠራጠረ ቤቱ መሞከር ይችላል። አንዱን ፍሬ ለብ ባለ ግማሽ ብርጭቆ አቼቶ ውስጥ ይጨምሩና በየ5 ደቂቃው ያማስሉ። በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልፈረሰ ሆድ ውስጥም በደንብ አይፈርስም፤ ሌላ ዓይነት ይግዙ። የሚታኘከው ዓይነት ይህ ሙከራ አያስፈልገውም።

«1000 ሚሊ ግራም በአንዴ»

ካልሲየም አንጀትን የሚያልፍባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው በትንሹ አንጀት መነሻ ላይ ያለው፣ በቫይታሚን ዲ የሚሠራ ንቁ መንገድ ነው፤ ቶሎ ይሞላል። ሁለተኛው በሴሎች መካከል ዝም ብሎ የሚሰርግበት ሲሆን አዝጋሚ ነው። በአንዴ የሚዋጠው በበዛ ቁጥር የሚመጠጠው ድርሻ ይቀንሳል። ከ300 ሚሊ ግራም 36 በመቶ ያህል ሲገባ ከ1000 የሚገባው 28 በመቶ ነው። ይህም ማለት 300 ሦስት ጊዜ የወሰደች ሴት ከ900ው 324 ሚሊ ግራም ስታገኝ፣ 1000ውን በአንዴ የዋጠችው 280 ብቻ ታገኛለች። ትንሽ ወስዳ ብዙ አገኘች። ማረጥ ሲመጣ ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ስለሚቀንስ አንጀት የሚመጥጠው ይቀንሳል፣ በሽንት የሚወጣውም ይጨምራል፤ ስለዚህ በዚህ ዕድሜ መከፋፈሉ ይበልጥ ያስፈልጋል። በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊ ግራም ንጹሕ ካልሲየም አይለፍ።

1000ው ራሱ ለሁሉም ሰው አይደለም። ከ50 ዓመት በላይ የሆነች ሴት በቀን የሚያስፈልጋት 1200 ሚሊ ግራም ከምግብም ከኪኒንም ተደምሮ ነው፤ ጣሪያው 2000 ነው። መጀመሪያ የምግቡን ይቁጠሩ፤ ኪኒኑ የጎደለውን መሙያ ነው። አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ 300 ገደማ ይሰጣል። ከሱሉልታና ከሰንዳፋ ወተት በሚገባበት ሰፈር ሁለት ብርጭቆ የምትጠጣ፣ ጤፍ እንጀራና ጎመን የምትበላ እናት አንድ ባለ 500 ኪኒን ይበቃታል።

እዚህ ላይ ጽሑፉ ጾምን ጨርሶ መርሳቱ ያስገርማል። ሁዳዴ ብቻ 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ሌሎቹም አጽዋማት አሉ። ወተት ሲቆም የምግቡ ካልሲየም በግማሽ ይወርዳል፤ ስለዚህ በፍስክ አንድ የምትወስድ እናት በጾም ሁለት ያስፈልጋታል። ሰዓቱም ይለወጣል፦ በ9 ሰዓት ከሚበላው ምግብ ጋር አንድ፣ ከራት ጋር አንድ። በረመዳን ደግሞ አንዱ በፍጡር፣ አንዱ በሱሁር ይሆናል። ጠዋት መዋጥ የለመደች እናት ጾም ሲገባ ቁርሱ ቀርቶ ኪኒኑ ብቻውን በባዶ ሆድ ይገባል፤ በየዓመቱ ለወራት የሚባክነው ካልሲየም ይህ ነው።

«ፀሐይ ባለበት አገር ቫይታሚን ዲ ምን ያደርጋል?»

ቫይታሚን ዲ የጎደለው አንጀት ከምግብ ካልሲየም የሚመጥጠው ከ10 እስከ 15 በመቶ ሲሆን፣ የተሟላለት ከ30 እስከ 40 በመቶ ይመጥጣል። ይህን ልዩነት የትኛውም ውድ ኪኒን አይሞላውም።

ፀሐዩ አለ፤ ቆዳ ላይ ማረፉ ነው ጥያቄው። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው አዳማና በዙሪያዋ በተማሪዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት 42 በመቶው ቫይታሚን ዲ እንደሚያንሳቸው አሳይቷል፤ በከተማዎቹ 61.8፣ በገጠሮቹ 21.2 በመቶ። ሜዳ ላይ የሚሮጡ ልጆች እንዲህ ከሆኑ፣ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትውል፣ ስትወጣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ የምትከናነብ የ70 ዓመት እናት የተሻለች አትሆንም። ጠቆር ያለ ቆዳ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ በዕድሜ የሳሳ ቆዳ ወጣት እያለ ያመርት ከነበረው ግማሹንም አያመርትም። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባው ፀሐይ ይሞቃል እንጂ ቫይታሚኑን አያሠራም፤ የሚያስፈልገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል።

የሚመከረው በቀን ከ600 እስከ 800 ዩኒት ነው፤ ከ70 በላይ ለሆኑት 800። ብዙ ጊዜ ከካልሲየም ጋር ተደባልቆ የሚመጣው 200 ወይም 400 ዩኒት ስለሆነ ካርቶኑ ላይ ይታይ፤ አንድ ኪኒን ብቻ የምትወስድ ተጨማሪ ቫይታሚን ዲ (ዲ3) ሊያስፈልጋት ይችላል። ከቻሉ ክንድና እግርን ገልጦ በረንዳ ላይ መቀመጥ ይረዳል። ከባድ እጥረት በደም ምርመራ ከተገኘ ግን ሐኪም ከፍ ያለ መጠን ለተወሰኑ ሳምንታት ያዛል፤ ያንን በራስ ግምት መጀመር አይገባም።

«እንጀራና ቡና ያጠፋሉ፤ መረቅ ይተካል»

የተገላቢጦሽ ነው። ጤፍ በካልሲየም ከበለጸጉት እህሎቻችን አንዱ ነው፤ 100 ግራም ዱቄቱ ከ150 እስከ 180 ሚሊ ግራም ይይዛል፣ ከስንዴ ዱቄት በብዙ እጥፍ። ካልሲየምን የሚያስር ፋይቴት የሚባል ነገር እንዳለበት ጸሐፊው በትክክል ጠቅሰዋል፤ ነገር ግን ሊጡ ከእርሾ ጋር በሚቦካባቸው ቀናት ከፊሉ ይፈርሳል። ይልቅስ ልብ መባል ያለበት በየሱቁ የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ከሩዝ ወይም ከበቆሎ ጋር የተቀላቀለ መሆኑ ነው፤ ያ ሲሆን የጤፍን ቁጥር ይዞ ማስላት አይቻልም።

በፋይቴት በእርግጥ የሚያስቸግረው የስንዴ ፉርሽካ ነው። ኪኒኑ ሆዷን ሲያደርቃት ፉርሽካ የምትበላ እናት አለች፤ ከፈለገች ከኪኒኑ ሁለት ሰዓት ታርቀው። ለድርቀቱ ተልባና በቂ ውሃ ይሻላል፤ ካልተሻላት መጠኑን ከፋፍሎ መውሰድ፣ ወይም ወደ ሲትሬት መቀየር ነው።

ከአትክልት ጎመንና ቆስጣን አንድ አድርጎ ማየት ሌላው ስሕተት ነው። የጎመን ወገን በሆነው ኬል በተባለ ቅጠል ላይ በተደረገ ጥናት 41 በመቶው ካልሲየም ተመጥጧል፤ ከወተትም በለጠ። እንደ ቆስጣ ኦክሳሌት የሚባል፣ ካልሲየምን የሚያስር ነገር የበዛበት ስፒናች ግን 5 በመቶ ብቻ ነው የለቀቀው። በሠንጠረዥ ላይ ብዙ ካልሲየም ያለው ቆስጣ ለአጥንት የሚያተርፈው ጥቂት ነው። ሰሊጥም ብዙ ካልሲየም አለው የሚባለው ከነልጣጩ ሲሆን ነው፤ ኦክሳሌቱም እዚያው ልጣጩ ላይ ነው። የሰሊጥ ፍትፍት ጥሩ የጾም ምግብ ነው፤ የወተትን ቦታ ግን አይዝም። አይብም እንዲሁ ያታልላል። አሬራው ኮምጥጦ ሲሞቅ ካልሲየሙ በብዛት ወደ አጓቱ ይሄዳል፤ ስለዚህ አይብ የበላች ሴት ወተት እንደጠጣች አትቁጠረው።

ቡና? አንድ ሲኒ የሚያሳጣው ካልሲየም 5 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተደምሮ 15። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት ከዚያ በላይ ይመልሳል። እናቶችን ከጀበናቸው ለመለየት ይህ ምክንያት አይሆንም።

የአጥንት መረቅ ግን፣ ሙሉ ቀን ቢንተከተክም፣ የዕለቱን ፍላጎት 5 በመቶ እንኳ አይሞላም። የአጥንት ካልሲየም በተፈላ ውሃ አይለቅም። ቅቅል ለጣዕሙ ይበላ።

«ጠጠር ስለሚያመጣ ከሦስት ወር በላይ አይወሰድ»

ስጋቱ ከባዶ አልተነሳም። በአሜሪካ 36,282 ካረጡ ሴቶች ላይ ለ7 ዓመት ያህል በተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ትልቅ ጥናት፣ 1000 ሚሊ ግራም ካልሲየምና 400 ዩኒት ቫይታሚን ዲ የተሰጣቸው የኩላሊት ጠጠራቸው በ17 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። እነዚያ ሴቶች ግን ሲጀምሩም በቀን በአማካይ 1150 ያህል ያገኙ ነበር፤ ከተጨመረው ጋር ከ2000 ጣሪያ አለፉ። በምግብ የሚገኝ ካልሲየም ደግሞ ጠጠርን ሲቀንስ ነው የታየው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ካልሲየም ከምግብ ጋር ሲሆን ጠጠር የሚሠራውን ኦክሳሌት እዚያው አንጀት ውስጥ ይዞት ይወጣል፤ በባዶ ሆድ ሲዋጥ የሚይዘው የለም፣ ወደ ሽንት ብቻ ይሄዳል። እንግዲህ ጠጠርን የፈሩት ጸሐፊ ራሳቸው ጠጠር የሚያቀርበውን አወሳሰድ መክረዋል። በሦስት ወር ማቆም ምንም አይፈይድም፤ የአጥንት መሳሳት የሦስት ወር ሕመም አይደለም።

ጽሑፉ ጭራሽ ያልነካው

ካልሲየም ሌሎች መድኃኒቶችን ያስራል። የእንቅርት ሆርሞን፣ ማለትም ሌቮታይሮክሲን የምትወስድ እናት ከካልሲየሙ 4 ሰዓት ታርቀው። ሌቮታይሮክሲኑን ጠዋት 12 ሰዓት ከዋጠች ካልሲየሙ ከቁርስ ጋር ሳይሆን ከምሳ ጋር ይሁን። ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከካልሲየም ቢያንስ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ነው የሚወሰደው፤ ሌላው ፀረ ባክቴሪያ ዶክሲሳይክሊንም መራቅ ይፈልጋል፤ ካልሆነ ኢንፌክሽኑ ላይድን ይችላል። የብረት ኪኒንም በሁለት ሰዓት ይለይ። ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስዱ ደግሞ በሽንት የሚወጣው ካልሲየም ስለሚቀንስባቸው መጠኑን ያለ ሐኪም አያብዙ፤ የማያቋርጥ ጥማት፣ ማቅለሽለሽ፣ መደናገር ከታየ ደም ይመርመሩ።

«ካልሲየም ካለ ሌላ መድኃኒት አያስፈልግም»

ይህን በምንም መንገድ ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1996 በላንሴት በወጣው ጥናት የጀርባ አጥንት ስብራት የነበረባቸው 2027 ሴቶች ለሁለት ተከፍለው ነበር። ከምግብ የሚያገኙት ካልሲየም ያነሰባቸው፣ ማለትም አብዛኞቹ፣ በሁለቱም ወገን 500 ሚሊ ግራም ካልሲየምና 250 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ይወስዱ ነበር። ልዩነቱ አንዱ ወገን አሌንድሮኔት የተባለውን የአጥንት መሳሳት መድኃኒት መጨመሩ ብቻ ነው። በሦስት ዓመት ገደማ አሌንድሮኔት ባገኙት ላይ አዲስ የጀርባ ስብራት በ47፣ የዳሌ ስብራት በ51 በመቶ ቀነሰ። ካልሲየም ብቻውን ቢበቃ ይህ ልዩነት አይታይም ነበር። የአጥንት መሳሳት የተረጋገጠባት፣ በተለይም ከቁመቷ ልክ ወድቃ አጥንቷ የተሰበረ ሴት፣ መድኃኒቱን በጽሑፍ ምክር አታቁም።

አሌንድሮኔት ሲወሰድ ደግሞ ካልሲየም ዋናው ጠላቱ ነው። 70 ሚሊ ግራሙ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከእንቅልፍ እንደተነሱ፣ ምንም ሳይቀመስ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ይዋጣል። በወተት፣ በቡና ወይም በአምቦ ውሃ አይደለም፤ አምቦ ራሱ ማዕድን አለበት። ከዚያ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ አለመተኛት፣ አለመብላት፤ ጎንበስ ካሉ ወይም ከተኙ ኪኒኑ ተመልሶ የምግብ ቧንቧን ያቆስላል። በዚያ ቀን ካልሲየሙ ወደ ምሳ ይዛወር። ከመጀመሩ በፊት የካልሲየም፣ የቫይታሚን ዲና የኩላሊት ምርመራ ይደረግ። ካልሲየም ወይም ቫይታሚን ዲ ዝቅ ካለ መጀመሪያ ይስተካከላል። ኩላሊት የማጣራት አቅሙ በደቂቃ ከ35 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ወይም እናቲቱ ለ30 ደቂቃ ቀጥ ብላ መቀመጥ ካልቻለች አሌንድሮኔት አይሰጥም፤ ሐኪሙ ሌላ ዓይነት ይመርጣል።